የዘገየ በጎ ሥራ በጎ ሥራ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶቻችን ስለ መዘግየት ሁለት ምሳሌዎች ትተውልናል። አንደኛው «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል። የመጀመሪያው የዘገየውን ሰው ያጽናናዋል፤ ሁለተኛው ይስቅበታል። ሁለቱንም ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማቸዋለን፤ ሁለቱንም እንደሚመቸን እንጠቀምባቸዋለን፤ ይኸውም እኛ ስንዘገይ የፊተኛውን፣ ሌላው ሲዘገይብን የኋለኛውን እንጠቅሳለን። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመን የትኛው እውነት እንደ ሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ባለፈው የትንሣኤ በዓል ያየነው አንድ የኪስ ሰዓት እንድንጠይቅ ግድ አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት አምስታችን ሰሙነ ሕማማትንና ትንሣኤን በኢየሩሳሌም ለማሳለፍ ታድለን ነበር። ጎልጎታን፣ ዴር ሡልጣንን፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። ለመመለስ አንድ ቀን ሲቀረን እዚያው የሚኖር አንድ ያገራችን ሰው «የጥንት ሰዓቶች የሚታዩበት ቤት አለ፤ ሳታዩ አትሂዱ» ብሎ ወሰደን። ቤቱ የኤል. ኤ. ማየር የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ይባላል፤ በ1974 የተከፈተ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእስልምና ጥበብ ቤት ውስጥ የአውሮፓ ሰዓት ምን ይሠራል ያልን እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ የልጅ ፍቅር ነው። ሙዚየሙን ያቋቋሙት ቬራ ሳሎሞንስ የተባሉ ወይዘሮ አባታቸው ሰር ዴቪድ ሊዮኔል ሳሎሞንስ በእንግሊዝ አገር ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸውን ሰዓቶች ለዚሁ ቤት ሰጡ። ስለዚህ የምሥራቁን የጥበብ ሥራ አይቶ የጨረሰ እንግዳ፣ በጥብቅ ወደሚጠበቅ ክፍል ሲገባ የፓሪስን ሰዓቶች ያገኛል።

ገና ከበሩ ላይ ሳለን አንድ ትንሽ ነገር ገጠመን። ጥበቃው መኪናችን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ በእንግሊዝኛ ጠየቀን። ከእኛ አንዱ ሳያስብ «በዘጠኝ ሰዓት» ብሎ መለሰለት። ሰውየው ደንግጦ «እስከ ማታ ዘጠኝ ሰዓት እዚህ ልትቆዩ ነው?» አለን። እኛም ሣቅንና የእኛ ዘጠኝ ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት እንደ ሆነ፣ በአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ እንደ ሆነ ነገርነው። ጥበቃውም ጥቂት አሰበና «በእኛም ዘንድ የጸሎት ሰዓት ሲቆጠር ከፀሐይ መውጫ ነው የሚጀመረው» አለን። ይህ ቃል በኋላ ይጠቅመናልና አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዓቶች ሁሉ ዓይን የሚስበው ቁጥር 160 የሚባለው የኪስ ሰዓት ነው። ሠሪው አብርሃም ሉዊ ብሬጌ ይባላል፤ በ1747 በስዊዘርላንድ በኑሻቴል ተወልዶ በፓሪስ የኖረ፣ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ሰዓት ሠሪ ነበረ። በ1783 አንድ ሰው መጥቶ ለፈረንሣይዋ ንግሥት ለማሪ አንቷኔት የሚሆን ሰዓት አዘዘው። ያዘዘው ከንግሥቲቱ አድናቂዎች አንዱ ነው ይባላል፤ ስሙ አልታወቀም። ትእዛዙ እንዲህ የሚል ነበር፤ ሰዓቱ በዚያ ዘመን የታወቀው የሰዓት ጥበብ ሁሉ የሚገኝበት ይሁን፤ በሚቻልበት ቦታ ሁሉ በሌላ ብረት ፈንታ ወርቅ ይግባበት፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን አይጠየቅም፤ የሚያልቅበትም ቀን አልተቆረጠም።

ብሬጌ ሥራውን ጀመረ። ሰዓቱ 823 ክፍሎች አሉት። ሰዓቱን፣ ሩቡንና ደቂቃውን በድምፅ ይናገራል፤ በጨለማ ያለ ሰው አንድ ቁልፍ ቢነካ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ በጆሮው ያውቃል። ቀኑንና ወሩን ይቆጥራል፤ የካቲት አጭር መሆኑንም ያውቃል። የክፍሉን ሙቀት ይለካል። የሚይዘው ሰው ሲንቀሳቀስ ሞላው በራሱ ይሞላል። ፀሐይና ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይስማሙምና፣ በአንዳንድ ወራት እስከ 16 ደቂቃ ድረስ ይለያያሉና፣ ልዩነቱን ለብቻው ያሳያል። ፊቱ ጥርት ባለ የድንጋይ ክሪስታል ስለተሠራ በውስጡ ያሉት ጥርሳም ጎማዎች ሁሉ ይታያሉ። እኛም አፋችንን ይዘን ቆመን ነበር።

ነገር ግን ያስደነቀን የሰዓቱ ጥበብ ብቻ አይደለም። በ1789 የፈረንሣይ አብዮት ተነሣ። በ1793 ብሬጌ ነፍሱን ለማዳን ከፓሪስ ወጥቶ ወደ ተወለደበት አገር ሸሸ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ንግሥቲቱ አንገቷን ተቆረጠች። ብሬጌ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፓሪስ ተመለሰ፤ ከጊዜ በኋላም ያንን ሰዓት እንደገና አነሣ። በ1823 እርሱም ሳይጨርሰው ሞተ። ሥራው በልጁ እጅ በ1827 ተፈጸመ። እንግዲህ ሰዓቱ ከታዘዘ 44 ዓመት፣ የታዘዘላት ንግሥት ከሞተች 34 ዓመት፣ ሠሪው ካረፈ 4 ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው። ደቂቃ የማያዛንፍ ሰዓት ራሱ 34 ዓመት ዘገየ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሰዓቱ ከታዘዘ ልክ ሁለት መቶ ዓመት ሲሞላ፣ በ1983 በኤፕሪል ወር፣ አንድ ሌባ ሌሊት ብቻውን በመስኮት ወደዚህ ሙዚየም ገብቶ 106 ሰዓቶችን ይዞ ሄደ። ቁጥር 160ም ከተሰረቁት አንዱ ነበር። ፖሊስ ቢፈልግ፣ ቢያስስ አላገኘም። ሰዓቶቹ በዓለም ሁሉ የታወቁ ስለሆኑ በግልጽ ገበያ ላይ ሊወጡ የሚችሉ አልነበሩም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ተሸፍነው በሣጥን ውስጥ ኖሩ። ሌባው በ2004 ሊሞት ሲል ለሚስቱ ተናዘዘ። በ2006 በጠበቃ በኩል 39 ሰዓቶች ወደ ሙዚየሙ ተመለሱ፤ ቁጥር 160ም በመካከላቸው ነበር። ከዚያም በኋላ ሌሎች እየተገኙ ከ106ቱ 96ቱ ተሰበሰቡ። አሥሩ ግን አልተመለሱም።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ ይህን ሁሉ ለባልደረቦቻችን በእሑድ ጉባኤ ስንተርክላቸው ክርክር ተነሣ። አንድ ወንድማችን «ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ለእርሷ የታዘዘውን ሰዓት መሥራት ከንቱ ድካም ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው» አለ። አንዲት እኅታችን ግን ተቃወመችው። «ቃል የተገባለት ሰው ቢሞት ቃሉ አብሮ አይሞትም። አባት የጀመረውን ልጅ መፈጸሙ ሊመሰገን ይገባዋል። ዛሬ እናንተ ባሕር ተሻግራችሁ ያያችሁት እርሱ ታምኖ ስለ ጨረሰው አይደለምን?» አለች። ሦስተኛው ባልደረባችን ደግሞ ሁለቱንም ካዳመጠ በኋላ «ሰዓቱ ፍጹም ሥራ ነው፤ ስጦታ ግን አልሆነም፤ ስጦታ እንዲሆን ሰጪና ተቀባይ ሁለቱም በሕይወት መገናኘት አለባቸው» ብሎ ተናገረ።

በዚህ ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥ ያለበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንባቢ ግን አያውቀውምና መናገር ይገባናል።

ባለፈው ዓመት በአንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር በስተጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩትን እማሆይን ለመጠየቅ ቀጠሮ ይዘን ነበር። «በስምንት ሰዓት እንመጣለን» ብለን በአንድ ልጅ ላክንባቸው። በስምንት ሰዓት ግን አልሄድንም። የምንሄደው በባዶ እጅ እንዳይሆን ድፎ ዳቦው እስኪደርስ ጠበቅን። ዳቦው ሲደርስ ከበሮውን የሚያመጣው ወንድም አልመጣም። ከበሮው ሲመጣ ከመዘምራኑ ሁለቱ ልብሳቸውን ለመለወጥ ወደ ቤት ሄደው ነበር። ሁሉም ነገር እንዲያምር ስንል አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። በመንገድም ላይ «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» እየተባባልን እንስቅ ነበር።

ስንደርስ እማሆይ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፋቸው ላይ በዱካ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጎረቤታቸው ወደ ጎን ጠርታ የነገረችን ይህን ነው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ተቀምጠዋል። ግቡ፣ ጥቂት ጋደም በሉ ብትላቸው «ልጆቼ ተኝቼ እንዳያገኙኝ» ብለው እምቢ አሉ። ምሳም ብትሰጣቸው «ሲመጡ አብረን እንቀምሳለን» አሉ። ቡናው ሁለት ጊዜ ተፈልቶ ሁለት ጊዜ ቀዝቅዟል። እኛን ሲያዩ ግን አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። «እንኳን መጣችሁ ልጆቼ» አሉን፤ መረቁን፤ ዳቦውን ባረኩልን። መዝሙር ጀመርን። ሁለተኛው መዝሙር ሳያልቅ እማሆይ በተቀመጡበት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከበሮውን አቆምን። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ጨረስንና ዳቦውን ከአጠገባቸው አኑረን በእግራችን ጣት እየተራመድን ወጣን። እነዚያ በየቤቱ ተተኩሰው የመጡት ልብሶች፣ ያ የተጠበቀው ከበሮ፣ ማንም ሳያያቸው ቀሩ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ያን ቀን ያደረግነው በጎ ሥራ ነበርን? አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ዳቦው ተበልቷልና፤ እማሆይም ደስ ብሏቸዋልና። ግን ሙሉ በጎ ሥራ ነበር ለማለትም አፋችን አይደፍርም። ከአሥሩ የጠፉ ሰዓቶች ጋር የሚመሳሰል፣ ሊመለስ የማይችል አንድ ነገር ጎድሏል። ያም የእማሆይ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ያንን ሌባ በሕግ ይፈልጉት ነበር፤ ያ ሌባ ግን 106 ሰዓቶችን ሰርቆ ከማንም ዕድሜ ላይ አንዲት ሰዓት መውሰድ አልቻለም። እኛ ደግሞ የማንንም ሰዓት ሳንነካ ከአንዲት አረጋዊት ዕድሜ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰድን፤ ማንም አልፈለገንም።

ከዚህ አንድ ነገር ተረዳን። በጎ ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለሥራው ለራሱ ዕዳ ያለብን ነው፤ መጽሐፍ መጻፍ፣ ሥዕል መሣል፣ ቤተ መቅደስ ማነጽ፣ ሰዓት መሥራት ከዚህ ይቆጠራል። ይህ ዓይነቱ ሥራ መቆየት ይችላል፤ ከአባት ወደ ልጅ ይሻገራል፤ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶም ያው ሥራ ነው። የብሬጌ ልጅ ስለዚህ አልተሳሳተም፤ እኅታችን እውነት ተናግራለች። ሁለተኛው ግን ለሰው ዕዳ ያለብን ነው፤ የታመመን መጠየቅ፣ ያዘነን ማጽናናት፣ የበደሉትን ይቅርታ መለመን፣ ለወላጅ ማመስገን። ይህኛው የራሱ ሰዓት አለው፤ ምክንያቱም ወርቅ ይቆያል፣ ሰው አይቆይም። ሦስተኛው ባልደረባችንም በዚህ እውነት ተናግሯል። የእኛ ስሕተት ሁለተኛውን ዓይነት እንደ መጀመሪያው መቁጠራችን ነው፤ እማሆይ በሣጥን ውስጥ ተቀምጠው የሚጠብቁን ይመስል!

ስለ ብሬጌ አንድ ሌላ ነገርም እንጨምር። ይኸው የቁጥር 160 ሠሪ በኋለኛው ዘመኑ ሌላ ዓይነት ሰዓት አወጣ። ይህ ሰዓት አንድ ቆጣሪ ብቻ ያለው፣ አሠራሩ ቀላል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ሥራዎቹ የቀለለ ነበር። ገዢው የዋጋውን ሩብ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሲያልቅ ይረከባል። በአንድ ቆጣሪ ደቂቃውን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ግምት ነው። ነገር ግን ያ ሰዓት በባለቤቱ ኪስ ውስጥ ገብቶ አገልግሏል። ባለ 823 ክፍሉ ሰዓት በንግሥቲቱ እጅ አንድ ቀን እንኳ አልዋለም። ወንድሞችና እኅቶች፣ ለእማሆይ ያስፈለገው ባለ አንድ ቆጣሪው ስጦታ ነበረ፤ ያለ ከበሮ፣ ያለ ድፎ ዳቦ፣ በስምንት ሰዓት በሩን ማንኳኳት።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን የሚጠቅስልን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን እስቲ ራሳችንን እንመርምር። ስንዘገይ የሚያዘገየን በእርግጥ ጥንቃቄ ነውን? ብዙውን ጊዜ እንዲያምር የምንለው ለሚቀበለው ሰው ሳይሆን እኛ ስንሰጥ እንዲያምርብን ነው። እማሆይ ስለ ልብሳችን አልጠየቁም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንሂድ፤ እዚያም ሁለት ነገር የምናገኝ ይመስላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይን ቦታ ባለቤት ሠራተኞችን በማለዳ፣ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓትና በአሥራ አንድ ሰዓት ይጠራል፤ መጨረሻ የመጡትም እንደ ፊተኞቹ ሙሉ ደመወዛቸውን ይቀበላሉ። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 25 ግን አምስቱ ቆነጃጅት ዘይት ሊገዙ ሄደው ዘግይተው ሲመለሱ በሩ ተዘግቶ ያገኙታል። አንዱ ጋ የዘገየ ተቀባይነት አገኘ፤ ሌላው ጋ የዘገየ ከደጅ ቀረ። እንደ ሁለቱ ምሳሌዎቻችን ማለት ነው።

ስለ አሥራ አንድ ሰዓቱ ጥሪ ስናስብ ያ የሙዚየም ጥበቃ የተናገረው ትዝ ይበለን። በአውሮፓ አቆጣጠር ለሚያነብ ሰው የወንጌሉ ሰዓቶች ትርጓሜ ይፈልጋሉ። እኛ ግን ስንነግድበት፣ ስንማርበት፣ ስንጸልይበት የኖርነው በዚሁ አቆጣጠር ስለሆነ ያለ ትርጓሜ ይገቡናል። ቤተ ክርስቲያናችንም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ብላ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት የሠራችልን በዚሁ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ለእኛ የሠርክ ጸሎት የሚደርስበት፣ ጥላው የረዘመበት፣ ከብቱ ወደ በረት የሚነዳበት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ አንዲት ሰዓት ብቻ የቀራት ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ሠራተኛ የሚቀጥር ጌታ ምን ያህል ቸር እንደ ሆነ ያገሬው ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? በአሥራ አንድ ሰዓት የተቀጠሩት ለምን ሥራ ፈትተው እንደ ቆሙ ሲጠየቁ የሚቀጥራቸው እንዳልነበረ ተናገሩ። የዘገየው ጥሪው ነው እንጂ እነርሱ አይደሉም፤ በተጠሩ ጊዜ ወዲያው ሄደዋል። አምስቱ ቆነጃጅት ግን ሙሽራው እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። ስለዚህ አሥራ አንድ ሰዓት በአሥራ አንድ ሰዓት ለተጠራ ሰው መጽናኛ ነው፤ በማለዳ ለተጠራ ሰው ግን የዕረፍት ፈቃድ አይደለም። እኛ ደግሞ በአርባና በሰማንያ ቀናችን የተጠመቅን፣ ገና በማለዳ የተጠራን ነን። «ገና ወጣት ነኝ፤ ስሸመግል እመለሳለሁ» የሚል ሰው የሌላውን ሰው ተስፋ ለራሱ ስንፍና መሸፈኛ እያደረገ ነው።

ይህን ስንል በሩን በማንም ላይ መዝጋታችን አይደለም። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማን የምንለው፣ ከእርሱ የዘገየ የለም፤ ሆኖም ቀድሞ ገነት ገባ። ያ የሰዓት ሌባም በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ መናዘዙ መልካም ነው፤ ባይናዘዝ ኖሮ እኛም ያንን ሰዓት አናየውም ነበር። ነፍሱን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነውና አንፈርድበትም። ግን የሌላ ሰው ታሪክ ከእርሱ ጎን እናስቀምጥ። ዘኬዎስ ጌታ በጠራው ጊዜ ከዛፉ ፈጥኖ ወረደ፤ የወሰደውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ በዚያው ዕለት ቃል ገባ። ሌባው የናዘዘው ከ21 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሕፃናት ያንን ሰዓት ሳያዩ አደጉ! ንስሐ ሁለቱንም በር ታስገባለች፤ የፈጠነው ግን ለሌሎችም ጊዜያቸውን አተረፈላቸው።

ስለዚህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። የዘገየ በጎ ሥራ በጎ ሥራ ነው፤ የመዘግየቱን ዋጋ ግን የሚከፍለው የዘገየው ሰው ሳይሆን የጠበቀው ነው። «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ቃል ሊናገር የሚገባው የጠበቀው ሰው ነው። በእማሆይ አፍ ምሕረት ነው፤ በእኛ አፍ ግን ማላገጥ ነው። የዘገየ ሰው አፍ ላይ የሚገባ ቃል «ይቅር ይበሉኝ» የሚለው ብቻ ነው። «የሐበሻ ቀጠሮ» እያልንም በሕዝባችን ላይ አናሳብብ። ሌሊቱን ለኪዳንና ለማኅሌት የሚነሡ፣ ጥላቸውን በእግር ለክተው የጾምን ሰዓት የሚያውቁ አባቶች የነበሩት ሕዝብ ጊዜን አያውቅም ብሎ መናገር ሐሰት ነው። የሰዓታት ጸሎትን የደረሱልን አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የእኛው ናቸው።

በዚያ እሑድ ከተከራከርን በኋላ በጉባኤያችን ሦስት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ቀን ያልተቆረጠለት ቃል ላለመግባት ነው። ለንግሥቲቱ ሰዓት ዋጋም ቀንም አልተወሰነለትም ነበር፤ «አንድ ቀን እንጠይቃቸዋለን» የምንለውም እንዲሁ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በእጃችን ያለውን ይዘን ለመሄድ ነው፤ ዳቦ ካለ በዳቦ፣ ከሌለ በሰላምታ። ሦስተኛ፣ ስንዘገይ የጠበቀንን ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ስምምነት እንደማይጸና እናውቃለን። ብሬጌ ሲምፓቲክ የተባለ ድንቅ የጠረጴዛ ሰዓት ሠርቶ ነበር። ባለቤቱ ማታ የኪስ ሰዓቱን ከትልቁ ሰዓት አናት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ትልቁ ሰዓት የትንሹን ስሕተት ያርምለታል። ከዚያ ሁሉ ጥበብ በኋላ እንኳ ሠሪው ለኪስ ሰዓቱ የሚያርመው ነገር እንደሚያስፈልግ አልዘነጋም። እኛም ማታ በጸሎት ስንቆም ራሳችንን እንዲሁ እናስቀምጥ፤ ዛሬ ማንን አስጠበቅሁ ብለን እንጠይቅ።

እማሆይ እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬም አሉ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ በስምንት ሰዓት እንሄዳለን፤ ከበሮ አንይዝም። ይህን ጽሑፍ ለማባዛት በሰጠንበት ሳምንት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሃያ ደቂቃ ዘገየን። እማሆይ በዱካቸው ላይ ነበሩ። ይቅርታ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «እንኳን መጣችሁ ልጆቼ» አሉን።

እንኪያስ በማለዳ የተጠራን ሁሉ በማለዳ እንድንነሣ የጊዜያት ባለቤት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።